የማዕድን ኩባንያ መሬታችሁ ላይ ሲመጣ፦ በተጽዕኖ ግምገማው ለመሳተፍ ገንዘብ የማግኛ መንገድ፣ ከካናዳ ነባር ሕዝቦች ልምድ

ክላይድ ሪቨር በካናዳ ሰሜን፣ በባፊን ደሴት ላይ ያለች፣ ከነባር ሕዝቦች አንዱ የሆኑት የኢኑይት መንደር ናት። ከባሕሩ በታች ነዳጅ ለመፈለግ ፈቃድ የጠየቁ ኩባንያዎች የመንደሯ ሰዎች ላነሷቸው ጥያቄዎች ምላሽ ይሆናል ብለው 3,926 ገጽ ሰነድ አስገቡ። ሰነዱ ኢንተርኔት ላይ ተጫነ። መንደሯ ባለችበት በኑናቩት ግዛት ደግሞ ኢንተርኔት ቀርፋፋም ውድም ነበር፤ የቀድሞው የመንደሯ ከንቲባ ሰነዱን ማውረድ እንዳልቻሉ በመሐላ ቃላቸውን ሰጥተዋል። ወደ ኢኑክቲቱት ቋንቋ የተተረጎመው ጥቂቱ ብቻ ነበር። በ2017 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈቃዱን ሲሽር ከቆጠራቸው ጉድለቶች አንዱ ለመንደሯ ሰዎች የተሳትፎ ገንዘብ አለመሰጠቱ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ የነዳጅ ፍለጋ ቢሆንም በማዕድን ላይ የሚደርሰውም ያው ነው። ኩባንያው መሐንዲስ፣ ጠበቃና የውኃ ባለሙያ ይዞ ይመጣል። ማኅበረሰቡ ደግሞ አንድ የመሬት ጉዳይ ሠራተኛ አለው፤ እሱም ስልክ ያነሳል፣ የአደን ፈቃድ ይጽፋል፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ሪፖርት ያነባል። «አስተያየታችሁን ስጡ» ማለት ቀላል ነው። አስተያየት ግን ነዳጅ፣ አስተርጓሚ፣ ባለሙያ፣ ከሥራ የቀረ ሰው የቀን ገቢ ይፈልጋል።

እኔ ካናዳ ውስጥ ለነባር ሕዝቦች መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎችንና በጀቶችን በማዘጋጀት እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። በሒሳብ፣ በውኃ ምሕንድስናና በአካባቢ ሳይንስ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን እዚህ ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ መካከል ወደዚህ ሥራ የገቡ «ከየት እንጀምር?» ይሉኛል። አገር ቤት ያሉ ወዳጆችም «እዚያ እንዴት ነው የሚያደርጉት?» ብለው ይጠይቁኛል። ለሁለቱም የምለው አንድ ነው፦ ገንዘቡን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከገንዘቡም በፊት የራሳችሁን ጥያቄ ጻፉ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

1. የትኛው በር ላይ እንደቆማችሁ እወቁ

ካናዳ ውስጥ ሁሉም ማዕድን በአንድ ሕግ አይገመገምም። ገንዘቡ የሚመጣው ደግሞ በዋናነት ከገምጋሚው በር ነው፤ በሩን የሳተ ማመልከቻ ወራት ያባክናል።

የተጽዕኖ ግምገማ ማለት ፕሮጀክቱ ከመፈቀዱ በፊት በመሬት፣ በውኃና በሰው ላይ የሚያመጣውን ለውጥ መመርመር ነው፤ የፌዴራሉ የተጽዕኖ ግምገማ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ኦገስት 28 ቀን 2019 ነው። በደንቡ መሠረት በቀን 5,000 ቶንና ከዚያ በላይ ለማውጣት የታቀደ አዲስ የብረታ ብረት ማዕድን በዚህ ሕግ ሥር ይወድቃል፤ ለዩራኒየም መለኪያው 2,500 ቶን ነው። የኩባንያውን የመጀመሪያ መግለጫ ስታነቡ ይህን ቁጥር ፈልጉ። ከመለኪያው ጥቂት ዝቅ ብሎ ካገኛችሁት ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። በአንቀጽ 9 ሚኒስትሩ ከዝርዝሩ ውጪ ያለ ፕሮጀክትም እንዲገመገም የመወሰን ሥልጣን ስላላቸው ማኅበረሰቡ ይህንኑ ማመልከት ይችላል።

በሰሜን መንገዱ ሌላ ነው። በኑናቩት፣ በማኬንዚ ሸለቆና በዩኮን ነባር ሕዝቦች ከመንግሥት ጋር ካደረጓቸው የመሬት ስምምነቶች የተወለዱ የግምገማ ቦርዶች አሉ፤ የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ ለእነዚህ ግምገማዎች የሰሜን ተሳታፊዎች የድጋፍ ፕሮግራም የሚባል አለው። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2018 ያወጣችው ሕግ ነባር ሕዝቦች «ተሳታፊ» ሆነው እንዲመዘገቡና በሂደቱ ውስጥ ስምምነታቸው እንዲፈለግ ያደርጋል፤ የክፍለ ሀገሩ የግምገማ መሥሪያ ቤትም ለተመዘገቡት ገንዘብ ይመድባል። አንድ ማዕድን በክፍለ ሀገርም በፌዴራልም ሕግ ሲገመገም በሁለቱም በር ማንኳኳት ትችላላችሁ፤ አንዱን ወጪ ለሁለቱ አለማስከፈል ግን የእናንተ ኃላፊነት ነው።

2. ቀን መቁጠር የሚጀመረው ዛሬ ነው

በፌዴራሉ ሂደት የመጀመሪያው ምዕራፍ የዕቅድ ምዕራፍ ይባላል፤ እስከ 180 ቀን ይሄዳል። ከዚያ ኩባንያው ጥናቱን አዘጋጅቶ ለማቅረብ እስከ 3 ዓመት አለው። ጥናቱ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ የፌዴራሉ የተጽዕኖ ግምገማ ኤጀንሲ (ከዚህ በኋላ «ኤጀንሲው») እስከ 300 ቀን፣ ልዩ የግምገማ ፓነል ከተሰየመ ደግሞ እስከ 600 ቀን ይወስዳል።

ብዙ ማኅበረሰብ ገንዘብ የሚጠይቀው ወፍራሙ ጥናት ጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ ነው። ያን ጊዜ ዋናው ጉዳይ አልፏል። ኩባንያው ምን እንዲያጠና፣ እስከ የትኛው ወንዝ ድረስ እንዲለካ፣ የነባር ሕዝቦችን ዕውቀት እንዴት እንዲጠቀም የሚያዝዘው መመሪያ የሚጻፈው በእነዚያ በመጀመሪያዎቹ 180 ቀናት ውስጥ ነው። ከነባር ሕዝቦች ጋር እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጸው የተሳትፎና የአጋርነት ዕቅድም የሚወጣው በዚሁ ምዕራፍ ማብቂያ ነው። መመሪያው ውስጥ ያልገባ ሐይቅ ከሦስት ዓመት በኋላ ጥናቱ ውስጥ አይገኝም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የፌዴራሉን የሕዝብ መዝገብ በየሳምንቱ የሚያይ አንድ ሰው መድቡ። የመጀመሪያው የፕሮጀክት መግለጫ የወጣበትን ቀን በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ከጎኑ የማኅበረሰቡን የጊዜ ሰሌዳ ስቀሉ፦ የዝይ አደን፣ ሙስ የሚባለው ትልቅ አጋዘን አደን፣ የበረዶ መንገድ የሚዘጋበት ወቅት። የአስተያየት ጊዜው ብዙውን ጊዜ በሳምንታት የሚቆጠር ነው። ያ ጊዜ ከዝይ አደን ጋር ከተጋጨ መንደሩ ውስጥ ሰው የለም፤ ቤተሰቡ ሁሉ ካምፕ ወጥቷል። ይህን ለኤጀንሲው ቀድማችሁ በደብዳቤ አሳውቁ፤ ማራዘሚያ ስትጠይቁ ደብዳቤው ይመሰክርላችኋል።

3. ቅጹን ሳትከፍቱ ጥያቄያችሁን ጻፉ

ይህን ደረጃ ዘለው ቅጹን መሙላት የጀመሩ ሰዎች በጀታቸው ከሌላ ማኅበረሰብ የተቀዳ ይመስላል፤ ገምጋሚውም ያውቀዋል።

አንድ ምሽት ሰብሰብ በሉ። ምግብ ይኑር። ትልቅ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና ለሽማግሌዎቹ፣ ለአዳኞቹ፣ ፍራፍሬ ለሚለቅሙ ሴቶች፣ ለወጣቶቹ አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርቡ፦ «ይህ ማዕድን ቢከፈት ማወቅ የምትፈልጉት ምንድን ነው?» እኔ በተቀመጥኩበት አንድ ስብሰባ አንዲት አዛውንት ካርታውን ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩና ጣታቸውን በስም ያልተጻፈች ቀጭን ጅረት ላይ አሳረፉ። «ካሪቡ የሚሻገረው እዚህ ነው። ጨው የሚልሰውም እዚህ ነው» አሉ፤ ካሪቡ የሰሜኑ የዱር አጋዘን ነው። ኩባንያው ባወጣው መግለጫ ውስጥ የዚያች ጅረት ስም አልነበረም። ከዚያች ጣት ሦስት የበጀት መስመሮች ወጡ፦ የዱር እንስሳት ባለሙያ፣ በቦታው የሚደረግ የሁለት ቀን ጉብኝት፣ የሽማግሌዎች ቃለ መጠይቅ።

ጥያቄዎቹን ሰብስባችሁ ከአምስት እስከ ስምንት ዋና ርዕስ አድርጓቸው። ውኃና ዓሣ፣ ካሪቡ፣ መንገዱ የሚያመጣው እንግዳ ሰውና የሴቶች ደኅንነት፣ የመቃብር ቦታዎች፣ ሥራ፣ የዝቃጭ ግድብ (የማዕድኑን ጭቃማ ተረፈ ምርት የሚያቁረው)፤ የእናንተ ዝርዝር የእናንተ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣ እያንዳንዱ የገንዘብ መስመር ከአንዱ ጥያቄ ጋር መያያዝ አለበት።

4. ገንዘቡ የት እንዳለ

የፌዴራሉ ሕግ አንቀጽ 75 ኤጀንሲው የተሳታፊዎች የድጋፍ ፕሮግራም እንዲያቋቁም ያስገድዳል። ገንዘቡ በየምዕራፉ ይታወጃል፤ ለዕቅዱ ምዕራፍ ለብቻው፣ ለግምገማው ለብቻው፣ ከውሳኔ በኋላ ላለው ክትትልም እንዲሁ። ወጪን ሁሉ አይሸፍንም፤ ኤጀንሲው ራሱ ይህን ይናገራል። ስለዚህ ሌላ ምንጭ አብሮ መታሰብ አለበት።

ኤጀንሲው ከአንድ ፕሮጀክት ጋር ያልተያያዘ የነባር ሕዝቦች የአቅም ድጋፍ ፕሮግራምም አለው። ሠራተኛ ለማሠልጠን፣ የመሬት አጠቃቀም ካርታ ለመሥራት፣ ማኅበረሰቡ የራሱን የግምገማ ደንብ ለመጻፍ የሚሆነው ይህ ነው። ማዕድን ገና በአድማስ ሳይታይ የሚጠየቅ ገንዘብ ነው፤ እኔ ብሆን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ይህንን ነው።

ሦስተኛው ምንጭ ኩባንያው ራሱ ነው። «የኩባንያ ገንዘብ እንዴት ይበላል?» የሚል ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። የእኔ መልስ፣ ጉዳቱን የሚያመጣው ወገን የማጣሪያውን ወጪ መክፈሉ ነውር የለውም፤ ነውሩ ውሉ ውስጥ ነው የሚደበቀው። ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ፈልጉ፦ ባለሙያውን የሚመርጠው ማኅበረሰቡ መሆኑን፤ ሪፖርቱ መጀመሪያ የሚደርሰው ለማኅበረሰቡ መሆኑን፤ ገንዘቡ በቅድሚያ በጠበቃ አደራ ሒሳብ መግባቱን፤ መቀበሉ እንደ ድጋፍም እንደ ስምምነትም እንደማይቆጠር በግልጽ መጻፉን። «ማኅበረሰቡ ፕሮጀክቱን አይቃወምም» የሚል ሐረግ ካያችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡ። የጥቅም መጋራት ድርድርም በተለየ ውል፣ በተለየ በጀት ይሁን፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ግምገማው ለድርድሩ ይሸጣል።

5. በጀቱን ከመሬት ጀምራችሁ ሥሩ

ብዙ ሰው በጀትን ከላይ ይጀምራል፦ «ይህን ያህል ይሰጡናል» ይልና ያንን ይከፋፍላል። እናንተ ከሥራው ጀምሩ።

የባለሙያውን ሰዓት እንዲህ አስሉ። የኩባንያው ጥናት የውኃ ምዕራፎች ከነአባሪያቸው 600 ገጽ ናቸው እንበል። ባለሙያው በጥንቃቄ ሲያነብ በሰዓት 20 ገጽ ቢሄድ 30 ሰዓት ነው። ማስታወሻና ሪፖርት 20 ሰዓት። ከማኅበረሰቡ ጋር ሁለት ስብሰባ፣ ከኤጀንሲው ጋር አንድ፣ 10 ሰዓት። 60 ሰዓት። ኩባንያው መልስ ሲያመጣ እንደገና ማንበብ አለና 20 ሰዓት ጨምሩ። ይህንን ስሌት በማመልከቻው ውስጥ እንዳለ አሳዩት፤ ሊቀንሱት የፈለጉ ሰዎች የትኛውን ሰዓት እንደሚቀንሱ ራሳቸው መናገር ይኖርባቸዋል።

የሽማግሌ ቃለ መጠይቅ ደግሞ በቢሮ ዓይን ሲታይ «500 ዶላር» ተብሎ ይታለፋል። ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሽማግሌው የምስጋና ክፍያ አላቸው። ቦታው ድረስ የሚወስዳቸው ሰው፣ ምናልባት የልጅ ልጃቸው፣ የቀን ሥራውን ትቶ ነው የሚመጣው። ሁለት ስኖውሞቢል (በበረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር)፣ በአውሮፕላን የተጫነ ቤንዚን ከከተማው ዋጋ ጋር የማይወዳደር። ስንቅ፣ ማገዶ፣ ድንኳን። አስተርጓሚ። የሚቀዳ ሰው። በብዙ የክሪና የአኒሺናቤ ማኅበረሰቦች ዕውቀት ሲጠየቅ ትምባሆ ይቀርባል፤ እኛ ቡና ሳይፈላ ለትልቅ ነገር እንደማንቀመጥ ሁሉ፣ ያለ ትምባሆ ጥያቄው ራሱ ጨዋነት ይጎድለዋል፤ እሱም መስመር ነው። ከዚያ ቀረጻውን መጻፍ፦ በእኔ ልምድ የአንድ ሰዓት ንግግር ለመጻፍ አምስት ሰዓት ይፈጃል፣ ትርጉም ሲጨመር እጥፍ ይሆናል። በመጨረሻም ጽሑፉን ይዞ ተመልሶ ለሽማግሌው ማንበብ፣ «እንዲህ አላልኩም» ካሉ ማረም። ይህ የመመለሻ ጉዞ ከበጀት የሚረሳው የመጀመሪያው ነገር ነው። እሱ ከሌለ ደግሞ የሽማግሌው ቃል ሳይረጋገጥ መዝገብ ውስጥ ይገባል።

የልጆች ጥበቃን አትርሱ። በስብሰባ ላይ ወጣት እናቶች የማይታዩት ፍላጎት አጥተው አይደለም፤ ልጅ የሚይዝላቸው አጥተው ነው።

የምሕንድስና ባለሙያን «ውድ ነው» ብላችሁ አትሰርዙ። ኦገስት 4 ቀን 2014 በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የማውንት ፖሊ ማዕድን የዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ ወደ 25 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውኃና ዝቃጭ ወደ ሐይቅና ወንዝ ፈሰሰ። ምክንያቱን ያጣራው ገለልተኛ ፓነል ጥፋቱን ያገኘው ከግድቡ ሥር ነው፦ በበረዶ ዘመን ሐይቅ የተተወ ደካማ የአፈር ንጣፍ በንድፉ ጊዜ በቅጡ አልታወቀም ነበር። «ከግድቡ ሥር ስንት ቦታ ቆፍራችሁ አያችሁ? ቀዳዳዎቹ ምን ያህል ይራራቃሉ?» ብሎ የሚጠይቅ መሐንዲስ የሚከፈለው ለዚህ ነው።

የጉዞ ወጪን በፌዴራል ሠራተኞች የጉዞ ተመን አስሉት፤ ድጋፍ ሰጪው የሚያየው በዚያ ነው። የራሳችሁን አስተባባሪ ደመወዝ በሰዓት ቁጠሩ። የሒሳብ ሠራተኛውንም። ተሽከርካሪና ትልልቅ ዕቃ መግዛት በአብዛኛው አይፈቀድም፤ ኪራይ አድርጉት።

6. ማመልከቻውን መጻፍ

ማመልከቻውን የሚመዝኑት ሰዎች ፕሮጀክቱን ከሚገመግሙት የተለዩ ናቸው፤ መሬታችሁን ላያውቁት ይችላሉ። ስለዚህ አጭርና ግልጽ ሁኑ። ማን እንደሆናችሁ፣ ፕሮጀክቱ ከመንደሩና ከአደን ቦታው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ የትኛው መብታችሁ እንደሚነካ ጻፉ። «መብት» የሚለውን ቃል በድፍረት ጻፉት። የ1982ቱ የካናዳ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 የነባር ሕዝቦችን መብት ያውቃል፤ በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሃይዳ ነባር ሕዝብ ባቀረበው ጉዳይ መንግሥት የማማከር ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። ማኅበረሰቡ ከአካባቢው ነጋዴ ወይም ከዓሣ ማስገር ክበብ እኩል «ባለድርሻ» ተብሎ እንዲጠራ አትፍቀዱ።

ቀጥሎ ሠንጠረዥ፦ ጥያቄ፣ ሥራ፣ የሚሠራው ሰው፣ ሰዓት፣ ዋጋ፣ የሚወጣው ሰነድ። እያንዳንዱ ረድፍ ከላይ በቁጥር 3 ከጻፋችሁት ጥያቄ ይጀምር። የማኅበረሰቡን ምክር ቤት የውሳኔ ደብዳቤ አያይዙ፤ እሱ ካልተያያዘ ማመልከቻው በማን ስም እንደቀረበ ጥያቄ ይነሣል። ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ላኩ፤ በሩቅ መንደር ኢንተርኔቱ የሚጠፋበት ቀን አይታወቅም።

7. የድጋፍ ውሉ ሲመጣ

ደስታው ካለፈ በኋላ ውሉን ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። በአብዛኛው ገንዘቡ የሚከፈለው ወጪው ከወጣ በኋላ፣ በማስረጃ ነው። ትንሽ ማኅበረሰብ ይህን ቀድሞ ከኪሱ ማውጣት ካልቻለ ሥራው ይቆማል። ቅድመ ክፍያ እንዲፈቀድ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከባለሙያዎቹም ጋር ክፍያው ከድጋፉ መምጣት ጋር እንዲያያዝ ተስማሙ።

ሁለተኛ፣ ውሉ የሚቆጥረው ወጪ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ቀን በፊት የወጣ ብር ላይመለስ ይችላል። ሦስተኛ፣ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ገንዘብ ማዛወር ምን ያህል እንደሚፈቀድ ጠይቁ፤ አውሎ ነፋስ አውሮፕላን ሲያስቀር፣ ሐዘን ሲገባና ስብሰባ ሲሰረዝ በጀቱ መንቀሳቀስ አለበት።

ደረሰኝ ሁሉ አንድ ማኅደር ውስጥ ይግባ። ለሽማግሌ በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ስም፣ ቀን፣ ምክንያትና ፊርማ ያለበት ወረቀት ይኑረው። እኔ ያየኋቸው የክፍያ መዘግየቶች አብዛኛዎቹ ከአንድ የጎደለ ፊርማ የመጡ ናቸው።

8. ዕውቀቱን ጠብቁ

ገንዘብ ተቀብላችሁ የሰበሰባችሁት የሽማግሌዎች ዕውቀት የማን ነው? ይህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መልስ ይፈልጋል። ከካናዳ ነባር ሕዝቦች ፈርስት ኔሽንስ የሚባሉት ከ1998 ጀምሮ የሚከተሉት መርሕ መረጃው በማኅበረሰቡ ባለቤትነት፣ ቁጥጥርና እጅ ሥር እንዲሆን፣ የማየት መብቱም የራሱ እንዲሆን ይጠይቃል። በሕጉ አንቀጽ 119 መሠረት በምስጢር የተሰጠ የነባር ሕዝቦች ዕውቀት ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይገለጥም፤ ግን ለየት ያሉ ሁኔታዎች አሉበት። ስለዚህ ሁለት ሪፖርት አድርጉ፦ አንዱ ለሕዝብ መዝገብ የሚሆን፣ ትክክለኛ ቦታ የማያሳይ፤ ሌላው በማኅበረሰቡ ካዝና የሚቀር። የመድኃኒት ተክል ወይም የመቃብር ቦታ በመጋጠሚያ ቁጥሩ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ የሚመልሰው የለም።

9. ገንዘቡ ቢከለከል ወይም ቢያንስ

ዝም አትበሉ፤ አትቆጡ፤ ጻፉ። «ይህን ያህል ጠየቅን፣ ይህን ያህል ተሰጠን፣ ስለዚህ የሚከተሉትን ምዕራፎች ማየት አልቻልንም» ብላችሁ ለኤጀንሲው ደብዳቤ ላኩ፤ በመዝገቡ ላይ እንዲቀመጥም ጠይቁ። ይህ ደብዳቤ ክብደት አለው። የታኩ ሪቨር ትሊንጊት ሕዝብ የተልሴኳ ቺፍ ማዕድንን በተመለከተ ባቀረበው ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2004 ምክክሩ በቂ ነበር ሲል፣ ሕዝቡ ለተሳትፎው የገንዘብ ድጋፍ ማግኘቱን ከግምት አስገብቷል። በክላይድ ሪቨር ደግሞ ድጋፉ አለመኖሩ በተቃራኒው ተቆጠረ። ሁለቱን ፍርዶች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ በደብዳቤያችሁ ጥቀሷቸው።

ከጎረቤት ማኅበረሰቦች ጋር ባለሙያ መጋራትም አለ፤ የአንድ ወንዝ ላይኛውና ታችኛው መንደር አንድ የውኃ ባለሙያ ቢቀጥሩ ገንዘቡ ይበረክታል። ሌላው መንገድ የራስን ግምገማ ማካሄድ ነው። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ በካምሉፕስ ከተማ አቅራቢያ ለታሰበው የኤጃክስ የመዳብና የወርቅ ማዕድን የስትከምሉፕሰምክ ተ ሰክወፐምክ ሕዝብ ቤተሰቦችን፣ ሽማግሌዎችንና ወጣቶችን ያቀፈ የራሱን የግምገማ ፓነል አቁሞ በማርች 2017 ፕሮጀክቱን እንደማይቀበል አሳወቀ። ክፍለ ሀገሩ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ፈቃድ ከለከለ፤ የፌዴራሉ መንግሥትም በ2018 ተከተለ።

10. ከውሳኔው በኋላ

ማዕድኑ ከተፈቀደ ሥራው የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ቅድመ ሁኔታዎቹ መከበራቸውን ማን ያያል? በኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ ለኢካቲ የአልማዝ ማዕድን በ1997 ራሱን የቻለ የአካባቢ ተቆጣጣሪ አካል ተቋቁሟል። እንዲህ ያለ አካል ከነበጀቱ ከፈቃዱ ጋር እንዲታሰር በግምገማው ጊዜ ጠይቁ፤ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ የመደራደሪያ አቅማችሁ ይቀንሳል። በየሎውናይፍ ከተማ አጠገብ ያለው የተዘጋው ጃያንት የወርቅ ማዕድን 237,000 ቶን የአርሰኒክ ብናኝ ከመሬት በታች ትቶ ሄዷል፤ ያንን የሚጠብቁት ገና ያልተወለዱ ልጆች ናቸው። የክትትል በጀት ስትጠይቁ የማዕድኑን ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ከተዘጋ በኋላ ያለውንም ቁጠሩ።

ለአገር ቤት አንባቢ

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 በአንቀጽ 15 የጥናት ሪፖርቱ ለሕዝብ እንዲቀርብ፣ በተለይ ጉዳት ሊደርስባቸው የሚችሉ ማኅበረሰቦች አስተያየት በሪፖርቱና በግምገማው እንዲካተት ይደነግጋል። እንደ ካናዳው አንቀጽ 75 ገንዘብ የሚመድብ ፕሮግራም ግን በአዋጁ ውስጥ የለም። ይህ ክፍተት እስኪሞላ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም፤ ከላይ ካሉት ደረጃዎች ያለ ገንዘብ ወይም በትንሽ ገንዘብ የሚሠሩ አሉ። ካርታ ዘርግቶ ጥያቄ መጻፍ ምሽት አንድ ይበቃዋል። በአቅራቢያ ካለ ዩኒቨርሲቲ የውኃ ወይም የምድር ሳይንስ መምህር ጥናቱን እንዲያነብላችሁ መለመን ይቻላል። ኩባንያው ለአንባቢው ባለሙያና ለትርጉም እንዲከፍል መጠየቅም ማንም የሚከለክለው ነገር አይደለም።

ደብዳቤውን ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጻፉት፤ ለወረዳውና ለኩባንያው ግልባጭ አድርጉ። ሪፖርቱ ማኅበረሰቡ በሚናገረው ቋንቋ ማጠቃለያ እንዲኖረው፣ ለማንበቢያ በቂ ቀን እንዲሰጥ፣ የማንበቢያው ወጪ በማን እንደሚሸፈን በጽሑፍ እንዲመለስላችሁ ጠይቁ። አዋጁን ስትጠቅሱ አሁን በሥራ ላይ ያለውን ቅጂ አረጋግጡ። መዝገብ ቤት ስታስገቡም ቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጉበት፤ ያንን ቅጂ ይዛችሁ ተመለሱ።